ላፕቶፕ ሲግል፦ ደብረ ብርሃንና አካባቢው ላይ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ደብረ ብርሃን ላይ ላፕቶፕ ስጠግን ሰው በየቀኑ የሚጠይቀኝን ከቀላሉ ጀምሬ እንደሚከተለው መልሻለሁ።

ላፕቶፕ ሞቀ ማለት ተበላሸ ማለት ነው?

አይደለም። ላፕቶፕ የሚወስደው ኤሌክትሪክ ዞሮ ዞሮ ሙቀት ሆኖ ነው የሚወጣው፤ ስለዚህ የሚሠራ ላፕቶፕ መሞቁ የጤና ነው። ቀለል ያለ ሥራ ላይ ፕሮሰሰሩ (ስሌቱን ሁሉ የሚሠራው ዋናው ቺፕ) ከ40 እስከ 55 ዲግሪ ሴንቲግሬድ፣ ቪዲዮ ስታዩ ወይም ብዙ ገጽ ስትከፍቱ ከ60 እስከ 75፣ ከባድ ሥራ ላይ ደግሞ 80ዎቹ ውስጥ ቢገባ አትደንግጡ። የአብዛኞቹ የላፕቶፕ ፕሮሰሰሮች ጣሪያ 100 ዲግሪ አካባቢ ነው። ወደዚያ ሲጠጋ ፕሮሰሰሩ ራሱን ለማዳን ፍጥነቱን ይቀንሳል፤ ይህም ካላዋጣ ማሽኑ ድርግም ብሎ ይጠፋል።

የሚያሳስበው ምልክት ሌላ ነው። ምንም ሳትሠሩ ፋኑ መጮኹን ካላቆመ፣ ከከፈታችሁት ሩብ ሰዓት ሳይሞላ መንቀርፈፍ ከጀመረ፣ ወይም በራሱ ጊዜ ጠፍቶ ሲቀዘቅዝ ብቻ የሚነሳ ከሆነ ሙቀቱ መውጫ አጥቷል። በእጅ መዳሰስ ብዙ አያስተማምንም። ገላው ብረት የሆነ ላፕቶፕ ሙቀቱን ወደ ውጪ ስለሚያወጣ ጤነኛ ሆኖ ሳለ የታመመ ይመስላል፤ ፕላስቲኩ ደግሞ ውስጡ እየነደደ ላዩ ለብ ብሎ ብቻ ሊቀር ይችላል። ኮር ቴምፕ ወይም ኤችደብሊው ሞኒተር የሚባሉት ነጻ ፕሮግራሞች ቁጥሩን ያሳዩአችኋል።

ደብረ ብርሃን እንዲህ እየበረደ ላፕቶፔ ለምን ይግላል?

የጋለ ላፕቶፕ በብዛት የሚመጣልኝ በኅዳርና በታኅሣሥ ነው፤ ውርጩ በሚጠናበት ሰሞን። ሥራ ስጀምር ለእኔም ግራ ይገባኝ ነበር። ምክንያቱ ራሱ ብርዱ ነው። ሰው ሲበርደው ላፕቶፑን ይዞ አልጋ ውስጥ ይገባል፤ ብርድ ልብስ ደራርቦ፣ ጋቢውን ተከናንቦ፣ ማሽኑን ፍራሹ ላይ ወይም ጭኑ ላይ ያደርገዋል። የአብዛኞቹ ላፕቶፖች አየር ማስገቢያ ደግሞ ሆዳቸው ላይ ነው። ፍራሽ ላይ ሲቀመጥ ይታፈናል። ክፍሉ 12 ዲግሪ ቢሆንም ማሽኑ የሚስበው የክፍሉን አየር አይደለም፤ ራሱ ተንፍሶ ብርድ ልብሱ ሥር የታጎረውን ትኩስ አየር መልሶ ነው የሚስበው።

ሁለተኛው ከፍታው ነው። ደብረ ብርሃን ከባሕር ወለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ እዚህ ያለው አየር ባሕር ዳርቻ ካለው በሩብ ያህል የሳሳ ነው። ፋን ሙቀት የሚያስወጣው አየር እያሸከመ ስለሆነ በሳሳ አየር የሚያወጣው ሙቀት ያንሳል። ከ3,000 ሜትር በላይ ባለው የመንዝ ደጋ ደግሞ ከዚህም ይሳሳል። የብዙ ላፕቶፖች መመሪያ የሥራ ከፍታ ጣሪያ ብሎ የሚያስቀምጠው 3,048 ሜትርን ነው፤ እኛ ለዚያ ቅርብ ነን። ደግነቱ የክፍሉ ቅዝቃዜ ጉድለቱን ያካክሰዋል፤ ጠረጴዛ ላይ የተቀመጠ ጤነኛ ማሽን ምንም አይሆንም። ትንፋሹ የታፈነ ማሽን ግን እዚህ አገር ላይ ትርፍ አቅም የለውም።

ታዲያ አልጋ ላይ መጠቀም ጨርሶ አይቻልም?

ይቻላል፤ ብቻ ከሥሩ ጠንካራና ለጥ ያለ ነገር ይኑረው። አናጢ ቤት ተቆርጦ የተጣለ ጣውላ ይበቃል፤ ከላፕቶፑ በየጎኑ አራት ጣት ያህል ተርፎ የሚወጣ ከሆነ ብርድ ልብሱም ወደ ቀዳዳዎቹ አይጠጋም። ጠረጴዛ ላይ ስትሠሩም ከኋላ እግሮቹ ሥር ሁለት የውሃ ጠርሙስ ክዳን ብታስገቡ ሆዱ ከፍ ይልና አየር እንደ ልቡ ይገባል። ምንም ወጪ የለውም፤ እኔ ራሴ የምሠራበት ላፕቶፕ ዓመቱን ሙሉ ክዳን ላይ ነው የሚቆመው።

ቻርጀሩን ደግሞ አትርሱት። ጥቁሯ ሳጥን ራሷ ሙቀት ታመነጫለች፤ አንሶላ ውስጥ ወይም ትራስ ሥር ገብታ ማደር የለባትም። የጋለ ላፕቶፕ ባዶ ጭን ላይ ለሰዓታት፣ በየቀኑ ማቆየትም ቆዳ ላይ መረብ የመሰለ ቡናማ ምልክት ሊያወጣ ይችላል።

ችግሩ አቧራ ይሁን ፕሮግራም እንዴት ልለየው?

ኮንትሮል፣ ሺፍትና ኢስኬፕን አንድ ላይ ተጫኑና ታስክ ማናጀርን ክፈቱ። ሌላውን ሁሉ ዝጉና አምስት ደቂቃ ያህል ጠብቁ፤ ከዚያ ሲፒዩ (ፕሮሰሰሩ ማለት ነው) የሚለውን ዓምድ ተመልከቱ። 5 ወይም 10 በመቶ ላይ ተቀምጦ እያለ ማሽኑ ከጋለ ችግሩ ከአካሉ ነው፤ አቧራ፣ ፋን ወይም ፔስት (ፕሮሰሰሩ ላይ የሚቀባው ቅባት፤ ከታች አስረዳዋለሁ)። ምንም ሳትሠሩ 50 እና 60 በመቶ ከሆነ ግን አንድ ፕሮግራም በስተጀርባ እየጋለበው ነው፤ ዓምዱን ስትነኩት ብዙ የሚበላው ወደ ላይ ይመጣል።

አብዛኛውን ጊዜ የማገኘው ሠላሳ ገጽ የተከፈተበት ብራውዘር፣ ወይም ኔትወርክ እየተቆራረጠበት ማውረዱን ደጋግሞ የሚሞክር የዊንዶውስ ማሻሻያ ነው። አንዳንዴ ግን ከባድ ነገር ይገጥማል። በፍላሽ እየተቀባበልን የምንጭነው ክራክ የተደረገ (ሳይከፈልበት እንዲሠራ የተነካካ) ሶፍትዌር ውስጥ፣ የእናንተን ፕሮሰሰርና መብራት ተጠቅሞ ለሌላ ሰው ዲጂታል ገንዘብ የሚቆፍር ድብቅ ፕሮግራም ሊኖር ይችላል። መለያው ይሄ ነው፦ ፋኑ ይጮኻል፣ ታስክ ማናጀር ሲከፈት ወዲያው ጸጥ ይላል፣ ሲዘጋ ይመለሳል። የእንዲህ ያለ ማሽን መድኃኒቱ ፋይልን በጥንቃቄ አውጥቶ ዊንዶውሱን እንደ አዲስ መጫን ነው።

ፋኑ ጨርሶ ድምፅ የለውም፤ ጥሩ ምልክት ነው?

ማሽኑ ቀዝቃዛ ከሆነ አዎ። እየጋለ ጸጥ ካለ ግን ፋኑ ቆሟል። ስስ የሶፍት ቁራጭ አየር መውጫው ፊት ያዙ፤ ማሽኑ ሲግል ወረቀቷ መርገብገብ አለባት። ካልተነቃነቀች ወይ ፋኑ ሞቷል፣ ወይ መውጫው ተደፍኗል። አንዳንድ ስስ ላፕቶፖች ከመጀመሪያውም ፋን የላቸውም፤ የእናንተ ከእነዚያ አለመሆኑን አስቀድማችሁ አረጋግጡ።

የድምፁም ዓይነት ይናገራል። ነፋስ የመሰለ ጥርት ያለ ጩኸት ፋኑ ጤነኛ ሆኖ ብዙ እየለፋ ነው ማለት ነው። ወፍጮ የመሰለ መንገጫገጭ ከሆነ የሚሽከረከርበት እምብርት አልቋል፤ ዘይት ጠብ ማድረግ ለሳምንት ያስታግሠው ይሆናል እንጂ አያድነውም። አዲስ ፋን ስትገዙ የላፕቶፑን ሞዴል ብቻ አትናገሩ። የቆየው ፋን ላይ የተለጠፈውን ቁጥር በስልክ ፎቶ አንስታችሁ ያዙ፤ አንድ ሞዴል ሁለትና ሦስት ዓይነት ፋን ሊኖረው ይችላል።

ጎሚስታ ቤት ወስጄ በኮምፕሬሰር ባስነፋውስ?

እባካችሁ አታድርጉት። ይህን የምለው ደርሶብኝ ነው። ሥራ ሳልጀምር በፊት የራሴን ላፕቶፕ እንዲሁ አስነፍቼ፣ ፋኑ እየዘፈነ ሲሽከረከር አቧራው ቡን ብሎ ሲወጣ ደስ ብሎኝ ነበር። ቤት ወስጄ ስከፍተው ፋኑ እየተንቀጠቀጠ ነው የሚዞረው፤ ከክንፎቹ አንዱ ተሰብሯል።

የጎማ መንፊያ ኮምፕሬሰር ግፊቱ ለላፕቶፕ እጅግ ይበዛል፤ ፋኑን ከተሠራበት ፍጥነት በላይ ያሽከረክረዋል። በዚያ ላይ ጋኑ ውስጥ የተጠራቀመው ውሃና ዘይት ከአየሩ ጋር እየተረጨ ቦርዱ (ቺፖቹ የተሰኩበት ሰሌዳ) ላይ ያርፋል። ክዳኑ ሳይከፈት ሲነፋ ደግሞ ያገኘውን አቧራ ግማሹን ወደ ውስጥ ነው የሚገፋው። በእጅ የሚጨመቅ ትንሽ የላስቲክ መንፊያ ወይም አነስተኛ የኤሌክትሪክ ብሎወር ይበቃል፤ ያኔም ፋኑ እንዳይዞር በጥርስ መጎርጎሪያ ያዝ አድርጉት። የምንጣፍ መጥረጊያ ቫክዩም አፉን ቦርዱ ላይ ማስጠጋትም አይመከርም፤ የሚፈጥረው የማይንቀሳቀስ ኤሌክትሪክ ቺፕ ሊያቃጥል ይችላል።

ራሴ ከፍቼ ማጽዳት እችላለሁ?

እጃችሁ የማይቸኩል ከሆነና ዋስትናው ያለፈበት ከሆነ ትችላላችሁ። ከመጀመራችሁ በፊት የላፕቶፓችሁን ሞዴል ስም ዩቲዩብ ላይ ጽፋችሁ ሲከፈት እስከ መጨረሻው እዩት። ማሽኑን አጥፉ፣ ቻርጀሩን ንቀሉ፣ ከዚያ ደረቅ ጠረጴዛ ላይ ነጭ ወረቀት አንጥፋችሁ በልኩ ካቻቢቴ ብሎኖቹን ፍቱ። የብሎኖቹ ቁመት ይለያያል፤ ረጅሙ አጭሩ ቦታ ሲገባ ቦርዱን ወይም የእጅ ማሳረፊያውን ይበሳል። ስለዚህ የላፕቶፑን ሆድ ወረቀቱ ላይ ሣሉትና እያንዳንዱን ብሎን በወጣበት ቦታ አስቀምጡ። ክዳኑ ሲላቀቅ ቶሎ አትጎትቱት፤ ከሥሩ የተያያዘ ስስ ሽቦ ሊኖር ይችላል። ከዚያ ምንም ሌላ ነገር ከመንካታችሁ በፊት የባትሪውን ማገናኛ አላቅቁ።

አሁን ዋናው ቦታ ጋ ደርሳችኋል። ከፕሮሰሰሩ የመዳብ ቧንቧ ተነሥቶ ወደ ጠርዝ ይሄዳል፤ ጫፉ ላይ እንደ ማበጠሪያ የተደረደሩ ቀጫጭን የብረት ክንፎች አሉ፤ ፋኑ አየር የሚነፋው በእነሱ መካከል ነው። ችግሩ ያለው በፋኑና በክንፎቹ መገናኛ ላይ ነው፤ ከውጪ በቀዳዳው ስታዩ አይታይም። ባለፈው ዓመት አንዲት ተማሪ የመመረቂያ ጽሑፏ ያለበትን ላፕቶፕ ይዛ መጣች። በየሃያ ደቂቃው ይጠፋል። «ወንድሜ፣ ሃርድ ዲስኩ ነው መሰለኝ፤ ጽሑፌ ከጠፋ አለቀልኝ» አለችኝ፤ ዓይኗ እንባ አቅርሯል። «እህቴ፣ ተቀመጪ፣ አብረን እንየው» አልኳትና ፋኑን አነሳሁት። ክንፎቹ አይታዩም ነበር። በወረንጦ ጫፉን ይዤ ስስበው እንደ ቡሉኮ ቁራጭ አንድ ላይ ተያይዞ ወጣ፤ የትንሽ ጣት ርዝመት ያለው፣ የሚተጣጠፍ፣ ግራጫ ሱፍ። ወደ ብርሃን ሳቀርበው የጋቢው ነጭ ጭረትና የባናው (የሱፍ ብርድ ልብሱ) ጥቁር ጠጉር ለየብቻ ይታያሉ። ቤተሰቦቿ መንዝ ናቸው፤ ባናውን እናቷ ናቸው የላኩላት። ሱፉ ከመነሳቱ በፊት 97 ዲግሪ ይደርስ የነበረው ማሽን ያን ዕለት ማታ በዚያው ሥራ 76 ላይ ቆመ። ሃርድ ዲስኩ ምንም አልነበረበትም።

እኛ አካባቢ ያለው አቧራ ለብቻው ቢሆን ለስለስ ብሎ በብሩሽ ይወጣ ነበር። የሱፍ ጭረቱ ግን መረብ ይሆንለታል፣ የኩበትና የዕጣን ጭስ ደግሞ ያጣብቀዋል፤ ስለዚህ ነፍቶ ብቻ ማውጣት ያስቸግራል። መጀመሪያ ሱፉን በወረንጦ አንሱ፣ ቀጥሎ ክንፎቹን በደረቅ ለስላሳ ብሩሽ ወደ አንድ አቅጣጫ ጥረጉ፣ መጨረሻ ላይ ንፉት። የተጣበቀው እምቢ ካለ ብሩሹን ጥራት ባለው አልኮል አርጥቡት። አረቄ አይሆንም፤ ውሃ አለበት። አልኮሉ ፈጽሞ እስኪደርቅ ሳትጠብቁ ባትሪውን አትመልሱ። ብርድ ልብስና ሱፍ ባለበት ቤት በዓመት አንድ ጊዜ፣ አውድማ ወይም አፈር መንገድ አጠገብ ለሚኖር ሰው ደግሞ በየስድስት ወሩ ማጽዳት ደህና ነው።

ፔስት የሚባለው ምንድን ነው? የጥርስ ሳሙና ይተካዋል የሚሉ አሉ።

ሰርማል ፔስት ፕሮሰሰሩና ከላዩ ያለው መዳብ ሲነካኩ የሚቀረውን ዓይን የማያየውን ክፍተት የሚሞላ ቅባት ነው። በክፍተቱ አየር ካለ ሙቀቱ አያልፍም። በዓመታት ውስጥ ይደርቅና እንደ ኖራ ይፈረፈራል። ገበያ ላይ የምንገዛቸው ያገለገሉ ላፕቶፖች ብዙዎቹ ከተሠሩ አምስትና ስምንት ዓመት ያለፋቸው ናቸው፤ ፔስታቸው አንድም ቀን አልተቀየረም። ያገለገለ ስትገዙ የፔስት ሒሳብ ከዋጋው ጋር ደምራችሁ አስቡ።

የጥርስ ሳሙና ለጥቂት ሰዓት የሠራ ይመስላል፤ ምክንያቱም ውሃ አለበት። ውሃው ሲተን ይደርቅና ከበፊቱ ይብሳል፤ በላዩ ደግሞ የሚፈጭ ቅንጣት አለው። ፔስት ስትቀይሩ አሮጌውን በአልኮልና በማይበጣጠስ ጨርቅ አጽድታችሁ የምስር ፍሬ የምታህል መሃል ላይ ጠብ አድርጉ፤ ስትጭኑት ራሱ ይሰራጫል። መዳቡ ላይ ብዙ ጊዜ 1፣ 2፣ 3፣ 4 የሚሉ ቁጥሮች አሉ። ብሎኖቹን በዚያ ተራ፣ እያንዳንዱን በትንሽ በትንሹ አጥብቁ።

ኩሊንግ ፓድ (ላፕቶፕ የሚቀመጥበት ፋን ያለው ማቀዝቀዣ) ልግዛ?

ከጸዳ በኋላ። ንጹሕ ማሽን ላይ ጥቂት ዲግሪ ሊቀንስ ይችላል፤ ውስጡ በሱፍ የተደፈነ ላፕቶፕ ላይ ግን ገንዘብ ማባከን ነው። ብትገዙም የፓዱ ፋን ከላፕቶፓችሁ አየር ማስገቢያ ትይዩ መሆኑን እዩ፤ ባይገጥም አየሩን ባዶ ፕላስቲክ ላይ ነው የሚነፋው። በመጀመሪያ የጠርሙስ ክዳኖቹን ሞክሩ።

ቻርጀር ሲሰካ ብቻ ነው የሚግለው፤ ቻርጀሩ ነው ችግሩ?

በአብዛኛው አይደለም። ሲሰካ ሁለት ነገር አብሮ ይሆናል፦ ባትሪው ሲሞላ ራሱ ይሞቃል፣ ዊንዶውስም ኃይል አገኘሁ ብሎ ፕሮሰሰሩን ወደ ከፍተኛው ፍጥነት ይለቀዋል። መብራት ሄዶ ከመጣ በኋላ ባዶ ባትሪ እየሞላ ከባድ ሥራ ብትሠሩበት ሙቀቱ ይደራረባል። የሚቻል ከሆነ ባትሪው ግማሽ እስኪደርስ ቀለል ያለውን ሥራ ሥሩ። ሁልጊዜ ተሰክቶ የሚውል ከሆነ ብዙ ላፕቶፖች ባትሪው 80 በመቶ ላይ እንዲቆም የሚያደርግ ምርጫ አላቸው፤ ክፈቱት፣ የባትሪ ዕድሜ ያረዝማል።

ቻርጀሩ የሚጠረጠረው ራሱ ለመያዝ እስኪያቅት ሲግል፣ ፕላስቲክ ሲሸት ወይም ገመዱ አንገቱ ላይ ሲላላ ነው። ጀርባው ላይ የተጻፈው ቮልት ከድሮው ጋር እኩል፣ ዋቱ ደግሞ እኩል ወይም የሚበልጥ መሆን አለበት። 65 ዋት የሚፈልግ ላፕቶፕ በ45 ዋት ቻርጀር ቢሰካ ቻርጀሩ ከአቅሙ በላይ ይለፋል፣ ማሽኑም ይንቀረፈፋል።

ደብረ ብርሃን ደህና ሆኖ ሸዋ ሮቢት ስወርድ ለምን ይጠፋል?

ላፕቶፕ ከክፍሉ ሙቀት በታች ሊቀዘቅዝ አይችልም፤ የክፍሉ ሙቀት ላይ የራሱን ይጨምርበታል። የእናንተ ማሽን በአንድ ሥራ ከክፍሉ 70 ዲግሪ ይበልጣል እንበል። ደብረ ብርሃን 15 ዲግሪ ክፍል ውስጥ 85 ይደርሳል፤ ፋኑ ቢጮኽም ሥራው ይቀጥላል። ጣርማ በርን አልፋችሁ ደብረ ሲናን ቁልቁል ወርዳችሁ ሸዋ ሮቢት ስትደርሱ ከ1,500 ሜትር በላይ ዝቅ ብላችኋል። አየር በየ1,000 ሜትሩ 6 ዲግሪ ተኩል ገደማ ይሞቃል፤ ከሰዓት በኋላ ቆርቆሮ ክፍል ውስጥ 32 ዲግሪ ማግኘት ብርቅ አይደለም። 32 ላይ 70 ሲጨመር 102 ነው። አየሩ ታች ወፈር ስለሚል ፋኑን ትንሽ ያግዘዋል፤ ልዩነቱን ግን አይሸፍነውም።

ስለዚህ ሸዋ ሮቢት ወይም አጣዬ ላይ የጠፋው ማሽን እዚያ አልታመመም። ታሞ የወረደ ነው፤ ብርዱ ደብቆት ነበር። ለሥራ ወደ ቆላ የምትወርዱ ሰዎች፣ በተለይ በመጋቢትና ከዚያ በኋላ ባሉት ወራት፣ ከመሄዳችሁ በፊት አጽዱት። እዚያ ስትደርሱ ከባዱን ሥራ ለጠዋት አድርጉት፣ የጣሪያ ወይም የቁም ፋን ካለ ወደ ላፕቶፑ ይዙር፣ ፀሐይ በሚገባበት መስኮት ሥርና በተዘጋ መኪና ውስጥ አትተዉት።

ሲግል ቶሎ እንዲበርድ ውጪ ብርድ ላይ ወይም ፍሪጅ ውስጥ ላድርገው?

ፍሪጅ በጭራሽ። ከፍሪጅ ሲወጣ የክፍሉ እርጥበት የቀዘቀዘው ቦርድ ላይ ጤዛ ሆኖ ይቀመጣል፤ ያን ጊዜ ከተከፈተ ሾርት ሊያደርግ ይችላል። በውርጭ ሌሊት መኪና ውስጥ ያደረ ላፕቶፕም እንደዚያው ነው። ጠዋት ቡና ወደሚፈላበት ሞቃት ክፍል ስታስገቡት ቦርሳው ውስጥ እንዳለ አንድ ሰዓት ያህል ይቆይ። ከዜሮ በታች የቀዘቀዘ ባትሪን ቻርጅ ማድረግ ደግሞ ውስጡን ለዘለቄታው ይጎዳዋል። የጋለውን ማሽን ለማብረድ አጥፍቶ ጠረጴዛ ላይ ሆዱን ለአየር ክፍት አድርጎ መተው ይበቃል።

የእጅ ማሳረፊያው ወደ ላይ ተነሥቷል፣ ታችፓዱ አልጫን ይላል። ሙቀቱ ነው?

ባትሪው አብጧል። ከዚህ ገጽ ሌላውን ሁሉ ብትዘሉ ይህን አትዝለሉብኝ። ወዲያውኑ ቻርጀሩን ንቀሉ፣ አጥፉት፣ ዳግም አትሰኩት። ክዳኑን ለመግጠም ብላችሁ አትጫኑት፣ ጋዙ እንዲወጣ ብላችሁ በመርፌ አትብሱት፤ አየር ሲነካው ሊቀጣጠል ይችላል፣ እሳቱም በቀላሉ አይጠፋም። ከአልጋ፣ ከጭድና ከልጆች አርቃችሁ ሲሚንቶ ወይም አፈር ላይ አስቀምጡትና ባትሪ ማውጣት ለሚችል ባለሙያ ስጡ። የወጣውን ባትሪ ከቆሻሻ ጋር አታቃጥሉት። ብዙ ላፕቶፖች ባትሪው ወጥቶ በቻርጀር ብቻ ስለሚሠሩ አዲስ እስክታገኙ ሥራችሁ አይቆምም።

አጸዳሁት፣ ፔስት አስቀየርኩ፣ ፋኑም አዲስ ነው፤ አሁንም 95 ይገባል። ምን ቀረ?

ጥገና በተደረገ ማግስት ከባሰ መጀመሪያ የምጠረጥረው ጥገናውን ነው። አንዳንድ ቺፖች ላይ በፔስት ፋንታ ለስላሳ ፓድ አለ። ግማሽ ሚሊ ሜትር የነበረው በአንድ ሚሊ ሜትር ከተተካ መዳቡን ከፍ አድርጎ ይይዘውና ፕሮሰሰሩን በደንብ አያስነካውም። ከፍታችሁ እዩ፦ ፔስቱ ፕሮሰሰሩ ላይ እኩል ስስ ሆኖ ካልተዘረጋ፣ በአንድ ጎን ወፍሮ ከቀረ፣ ወይ ፓዱ ነው ወይ ብሎኖቹ ተዛብተው ጠብቀዋል።

ቀጥሎ ቧንቧው። ያ የመዳብ ቧንቧ ድፍን አይደለም፤ አየሩ የተመጠጠና ውስጡ ጥቂት ፈሳሽ ያለው ነው። ፈሳሹ ፕሮሰሰሩ ጋ ይተናል፣ ክንፎቹ ጋ ሄዶ ሙቀቱን ጥሎ ይመለሳል። ቧንቧው ከታጠፈ ወይም ከተሰነጠቀ ፈሳሹ ያመልጣል፤ ከውጪ ሲያዩት ምንም አይመስልም። ማሽኑ ከባድ ሥራ ላይ እያለ ፕሮሰሰሩ 95 ብሎ፣ ፋኑም እየዞረ፣ ከመውጫው የሚወጣው አየር ቀዝቃዛ ከሆነ ቧንቧው ሞቷል። አይጠገንም፤ በሞዴሉ ተፈልጎ ይቀየራል።

ይህም ሁሉ ደህና ከሆነ፣ ማሽኑ ከመጀመሪያውም ትኩስ ሆኖ የተሠራ ሊሆን ይችላል፤ ስስ ገላ ላይ ጉልበተኛ ፕሮሰሰር። ያኔ ፍጥነቱን ትንሽ መገደብ ነው። ኮንትሮል ፓነል ውስጥ ፓወር ኦፕሽንስ፣ ከዚያ የምትጠቀሙበት ፕላን አድቫንስድ ሴቲንግ፣ ፕሮሰሰር ፓወር ማኔጅመንት፣ ማክሲመም ፕሮሰሰር ስቴት የሚለውን ከ100 ወደ 99 አውርዱት። አንድ በመቶ ብቻ ይመስላል፤ ግን በብዙ ማሽኖች ላይ ፕሮሰሰሩ ከመደበኛ ፍጥነቱ በላይ የሚዘልበትን ቱርቦ ያጠፋዋል። ለጽሑፍ፣ ለኤክሴልና ለኢንተርኔት ልዩነቱ እምብዛም አይታወቅም፤ ሙቀቱ ግን ብዙ ጊዜ አሥር ዲግሪና ከዚያ በላይ ሲወርድ አይቻለሁ። ቪዲዮ የምታቀናብሩ ወይም ካርታና ሕንፃ በአውቶካድ የምትሠሩ ከሆነ ወደ 100 መልሱትና የጠርሙስ ክዳኖቹን ከሥሩ አስገቡ።